የጎደለው አምስተኛ

ደንበኛ ደውሎ «ወፍጮዬ ቆመብኝ» ሲለኝ በመጀመሪያ የምጠይቀውን ነገር አዘዞ ያሉ የሙያ ጓደኞቼ ሁሉ ያውቁታል። ሌላው መካኒክ «ሞተሩ ነው ወይስ ድንጋዩ? ድምፅ አለው?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ ግን «የት ነው ቦታው?» ነበር የምለው። ጓደኞቼ መንገድ የምፈራ እየመሰላቸው ይስቁብኛል። መንገድስ አልፈራም። የምሸሸው አንድ አገር ነበረኝ፤ ኮሶ አምባ ይባላል። ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብሎ ደጋው ላይ ያለ፣ ፈልገው እንኳ በቀላሉ የማያገኙት መንደር ነው። የተወለድኩት እዚያ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። እናቴ ከእኔ በፊት ሁለት ልጆች ቀብራለች። እኔን ስታረግዝ የኮሶ አምባው ሚካኤል ደጃፍ ላይ ተንበርክካ «ይኼኛውን ካተረፍክልኝ ያንተው አገልጋይ ይሁን» ብላ ተሳለች። እኔን ማን ጠየቀኝ? ተረፍኩና ገና ፊደል ስለይ ለየኔታ ተሰጠሁ። የኔታ መነኩሴ ናቸው፤ ልጅ የላቸውም። ማታ ማታ እግራቸውን የማጥበው እኔ ነበርኩ። የግራ እግራቸው ትንሿ ጣት ጠማማ ናት፤ ጎረቤቷ ላይ ወጥታ ተኝታለች። እሷን ሳጥብ ሁልጊዜ ሳቄ ይመጣል፣ እሳቸውም ያውቁብኛል፣ «ሳቅ እንጂ፣ ምነው ትታፈናለህ» ይሉኛል። በአሥራ ሁለት ዓመቴ ጎንደር ወርጄ ድቁና ተቀበልኩ።

ሰባት ዓመት አገለገልኩ። ድምፄ ሸጋ ነበር ይላሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ የአገሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው «አሮጌው ቄስ ደክመዋል፤ ይኼ ልጅ በተክሊል ይጋባና ይቀስስ» አሉ። ልጅቷንም መርጠው ጨርሰዋል። ያን ጊዜ ነው ፍርሃት የያዘኝ። ቄስ ማለት ምን እንደሆነ ከቅርብ አይቻለኋ። የሰው ሁሉ ኃጢአት በጆሮው ይገባል፣ ለማንም አይተነፍስም። ሚስቱ ብትሞት ሌላ አያገባም። ጽዋውን ሲይዝ የማንን ደም እንደያዘ ያውቃል። እኔ ገና በዲያቆንነቴ መስቀል ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በዚያ ላይ፣ ለምን እዋሻለሁ፣ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ዳር ያለች አንዲት የወፍጮ ሞተር ልቤን ወስዳዋለች። ገበያ በሄድኩ ቁጥር አጠገቧ ቆሜ ስሰማት እውል ነበር።

ጠፋሁ። መጥፋቱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ተከታትለው እንዳይመልሱኝ ብዬ በአንድ ነጋዴ አፍ «ድቁናውን አፍርሷል ብለሃቸው ና» ብዬ ላክሁ። ዲያቆን ከተክሊል በፊት ሴት ካወቀ ድቁናው ፈረሰ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ መቅደስ አይገባም፣ ቅስናም አይታሰብም። ውሸቴን ነበር። ሴት ያላወቅሁ ልጅ በራሴ ላይ ያልሠራሁትን ኃጢአት አወራሁ። ውሸቱ ግን ሥራውን ሠራልኝ፤ ፈላጊ አልመጣም።

የመጣችው እናቴ ናት። የአገሩን ዓይን አልቻለችውምና አዘዞ አጠገብ ፀዳ ከታናሽ እህቴ ጋር መኖር ጀመረች። አንድም ቀን ነገሩን አንስታብኝ አታውቅም። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ግን ከቅጥሩ በር አታልፍም። የተሳለችውን ያላገባች ሰው ሆና፣ ውጭ ቆማ፣ ግድግዳውን ስማ ትመለሳለች። ይህን እያየሁ አሥር ዓመት ዝም አልኩ። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኬ ሁለቱም ጊዜ ነገሩ ፈረሰብኝ፤ ዕድሌ ጠማማ ነው ብዬ ወደ ብረቴ ተመለስኩ።

የነነዌ ጾም በገባ በሁለተኛው ቀን አንድ ሰው ደወለ።

«ፈንታ እባላለሁ፤ ወፍጮዬ ተቃጥሎ ቆሟል።»

«የት ነው ቦታው?»

«አንተ አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ና ብቻ። ሞተር ሳይክል አቆይልሃለሁ።»

«ከዚያስ ወዴት ነው?»

«ኧረ ቅርብ ናት» አለና ስልኩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል አይገባም። የደጋ ሰው «ቅርብ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ እያወቅሁ፣ በዚያ ዙሪያ ወፍጮ ያለበት መንደር ብዙ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። ኮሶ አምባ በእኔ ጊዜ ወፍጮ አልነበረውም።

ረቡዕ ጠዋት ሳይነጋ ቁርስ ሳልቀምስ ወጣሁ። ጾመኛ ሆኜ እንዳይመስላችሁ፤ ያን ጊዜ ጾም አልጾምም ነበር። አምባ ጊዮርጊስ ደርሼ ልበላ ነው። ስደርስ የማውቃት ሻይ ቤት ዝግ ናት፤ ባለቤቷ ሦስቱን ቀን እሳት አላነድም ብላለች አሉኝ። ባለ ሞተር ሳይክሉ ደግሞ አፉን በፎጣ ጠቅልሎ «ቶሎ በል» እያለ ይነዘንዘኛል። በዚያ ብርድ ውኃ እንኳ አላማረኝም። የዕቃ ቦርሳዬን አቅፌ ከኋላው ተፈናጠጥኩ።

መገንጠያው ላይ ያሉት ባሕር ዛፎች ጋ ስንደርስ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ትከሻውን ያዝኩት።

«ወዴት ነው የምንሄደው?»

«ኮሶ አምባ ነዋ።»

«አቁም። አውርደኝ።»

አቆመ። ወረድኩ። ቦርሳዬን መሬት ላይ አስቀምጬ ወደ መጣንበት አየሁ፤ አምባ ጊዮርጊስ ርቋል። ሰውየው ዞሮ «ምነው? አመመህ?» አለኝ። «የአገሩ ሰው ሦስት ቀኑ ዱቄት ካየ። ሴቱ ሁሉ አንተን ነው የሚጠብቅ።» ከአሥር ዓመት በፊት የሄድኩት ጢም ያላወጣ ልጅ ነው፤ አሁን ጢማም ነኝ፣ ቱታ ለባሽ ነኝ፤ ማን ያውቀኛል? ጠግኜ ሳልታወቅ እወጣለሁ አልኩና ፎጣዬን እስከ ዓይኔ ጠቅልዬ መልሼ ተፈናጠጥኩ። የዮናስን ነገር ታውቁታላችሁ። እኔን የዋጠኝ ወፍጮ ቤት ነው።

ወፍጮ ቤቱ ከሚካኤል ቅጥር መቶ እርምጃ አይርቅም። አያ ፈንታ ከዳባት በኩል የመጣ ሰው ስለሆነ አያውቀኝም፤ ያ ትንሽ ልቤን መለሰልኝ። ባለ ሞተር ሳይክሉ ወዲያው ተመለሰ። የተቃጠለው ኩሽኔታው ነው፤ የድንጋዩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ብረት። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባዬን ሰጥቼ መፍታት ጀመርኩ። ሰው በበሩ ባለፈ ቁጥር አንገቴን እቀብራለሁ። አንዲት አሮጊት ገብታ አያ ፈንታን «ይኼ ሰው ድዳ ነው?» ብላ ስትጠይቀው ሰማሁ፤ ድዳ ስላለችኝ በሆዴ መረቅኋት።

ስድስት ሰዓት አለፈ። የአያ ፈንታ ሚስት አንድ ሰሃን ቆሎ አምጥታ «መንገደኛና ሠራተኛ አይጾምም፤ ያዝ» አለችኝ። ራቡ አንጀቴን ይዞኛልና እጄን በጨርቅ ጠራርጌ አንድ እፍኝ ዘገንኩ። ወደ አፌ ሳነሳው በሩ ጨለመ።

«አያ ፈንታ፣ ስልክህ ይሠራል?»

ድምፁን አወቅሁት። አድማሱ ነው። ከእኔ ጋር አንድ ምንጣፍ ላይ የተማረ፣ እኔ ስጠፋ በእኔ ፋንታ የቀሰሰ፣ ለእኔ ታስባ የነበረችውንም ልጅ ያገባ። ዞሬ ሞተሩን የማይ መሰልኩ። ቆሎው በመዳፌ ነው።

«ኔትወርክ ከትናንት ወዲህ ጠፍቷል አባ» አለው አያ ፈንታ። «ምነው፣ ምን ሆኑ?»

«የኔታ ሊለዩን ነው። ከትናንት ወዲያ ጀምረው እህል ትተዋል። ሥጋ ወደሙን ሳልቀበል አታስኪዱኝ እያሉ ነው። ዛሬ ልንቀድስ ተዘጋጅተን ሳለ ሦስተኛው ዲያቆናችን ጎንደር ለሕክምና ወርዶ ቀረ። ከጎረቤት ደብር ዲያቆን አስመጣን፤ እሱን ደግሞ አቀበቱ ላይ እንቅፋት መታው። ጥፍሩ ተነቅሎ ደሙ ይወርዳል።»

«ከደማ አይሆንም?»

«የደማ ሰው መቅደስ አይገባም። ሁለት ቄስ፣ ሁለት ዲያቆን፤ አራት ነን። አምስት ካልሞላን ቅዳሴ የለም። ሥጋ ወደሙ ደግሞ ለነገ ተብሎ የሚቀመጥ አይደለም። ሌላ ዲያቆን ያለበት ደብር ደርሶ መልስ የስድስት ሰዓት መንገድ ነው፤ እሳቸው እስከዚያ የሚቆዩ አይመስለኝም።»

እኔ ወደ እጄ አየሁ። የወፍጮ ሥራ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ እጄ ሳይደማ የጠገንኩት ወፍጮ የለም። አንዱ ብረት ይቧጭረኛል፣ አንዱ ቡሎን ይሰነጥቀኛል። ያን ቀን ከጠዋት ጀምሬ የዛገ ብረት ስፈታ ውያለሁ፤ በሁለቱም እጄ አንዲት ጭረት የለም። እህል ከትናንት ማታ ወዲህ በአፌ አልዞረም፣ ውኃም አልጠጣሁም። ሴት አላወቅሁም። ሦስቱንም ስቆጥር ጀርባዬን ላብ አጠመቀኝ። አሥር ዓመት ሙሉ ከመቅደስ ስሸሽ፣ ለመቅደስ ተጠብቄ ኖሬያለሁ። ማን ነው የጠበቀኝ? ይህን ሳስብ ደስ አላለኝም፤ የተከበበ ሰው የሚሰማው ነው የተሰማኝ።

መውጫ ግን ነበረኝ። በመዳፌ ነበረች። አንዲት ፍሬ ቆሎ አፌ ውስጥ ብትገባ በቃ፣ ለዛሬ ቅዳሴ አልሆንም። ማንም አያውቅም፣ ማንም አይጠይቀኝም። የኔታ ግን ሳይቀበሉ ይሄዳሉ። አንዷን ፍሬ በሁለት ጣቴ ያዝኳት። እጄ ተነሣ። እውነቱን እነግራችኋለሁ፣ ከንፈሬን ነክታለች።

በዚያው ቅጽበት ከውጭ የብዙ ሰው እግር ሰማሁ። የኔታን በቃሬዛ ተሸክመው በወፍጮ ቤቱ ደጃፍ እያለፉ ነው። ቅዳሴ ቢኖርም ባይኖርም ነፍሴ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ትውጣ ብለዋል። ፊታቸው ተሸፍኗል። ጋቢው አጥሮ የግራ እግራቸው ወጥቷል፤ ትንሿ ጣት ጎረቤቷ ላይ ወጥታ እንደተኛች ናት። ያን እግር ስንት ማታ እንዳጠብኩት አላውቅም። ሳቄም አልመጣም። ዓይኔ ተሞላ፣ ቆሎውን ቱታዬ ኪስ ውስጥ ጨመርኩት፣ ፎጣዬን ከፊቴ ገለጥኩት።

«አምስተኛ አለ» አልኩ።

አድማሱ ዞረ። አየኝ፣ አላወቀኝም፣ ከዚያ አወቀኝ።

«ደምሌ?»

«እኔ ነኝ።»

«አንተ ከየት መጣህ?» ፊቱ ጠቆረ። «አምስተኛ የምትለው ማንን ነው? አንተን? አንተ አፍርሰሃል።»

«አላፈረስኩም። እንዳትፈልጉኝ ብዬ ዋሽቼ ነው የላክሁባችሁ።»

አያ ፈንታ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ እሱን ያያል። አድማሱ አንድ እርምጃ ተጠጋኝ። ቢመታኝ ደስ ባለኝ።

«አሥር ዓመት» አለ። «እናትህን በባዶ ነገር ነው ከአገር ያስወጣሃት?»

አንገቴን ደፋሁ።

«እህል ቀምሰሃል?»

«አልቀመስኩም።»

«ኪስህ የከተትከውስ ምንድን ነው? አይቼሃለሁ።»

«ቆሎ ነው። እንዳልጠራ ብዬ ልበላው ነበር።»

«ደም አለብህ?»

እጆቼን ዘረጋሁለት። ገልብጦ አያቸው፣ መልሶ አያቸው። በግሪስ ጠቁረዋል እንጂ ንጹሕ ናቸው።

«አላፈረስኩም የምትለውን በሚካኤል ደጅ ቆመህ ትደግመዋለህ?»

«እደግመዋለሁ።»

«እንዲህ በቀላሉ አትለቀቅም። ለውሸትህ ቀኖና እሰጥሃለሁ፤ ከባድ ነው የምሰጥህ። አሁን ግን ሰውየው እየሞቱ ነው፤ ሂድ ታጠብ።»

በሚካኤል ደጅ በአሮጌው ቄስ ፊት ደገምኩት። እሳቸው ብዙ አልጠየቁኝም፤ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ብለው መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉ። በአመድና በሳሙና ታጠብኩ፤ የጥፍሬ ሥር ጥቁረት ግን አልለቅ አለ። ሁለቱ ዲያቆናት ከእኔ በብዙ ያንሳሉና «ሠራዒው አንተ ነህ» ተባልኩ። ሠራዒ ዲያቆን ማለት ሕዝቡን የሚያዝ፣ በኋላም ደሙን በእርፈ መስቀል፣ በመስቀለኛው ማንኪያ፣ የሚያቀብል ነው። የሸሸሁት ይኼንኑ ነበር።

ልብሱን ለብሼ ስቆም አንዲት የግዕዝ ቃል በጭንቅላቴ የለችም። ባዶ ነው። ከመጋረጃው ውጭ የሕዝቡ ሳል ይሰማኛል፤ የእኔን ነገር የሰሙ ይንሾካሾካሉ። ያ ሸጋ ድምፄ የት ሄደ? ተራዬ ደረሰ። አድማሱ በዓይኑ ጠቀሰኝ። አፌን ስከፍት «ተንሥኡ ለጸሎት» የሚለው ሳልጠራው መጣ። ድምፄ ተሰነጠቀ፣ እንደ ወጠጤ ፍየል ሆንኩ፤ ሕዝቡ ግን መለሰልኝ። ከዚያ በኋላ አንዱ ቃል ሌላውን እየጎተተው ወጣ።

መቀበያው ሰዓት ሲደርስ የኔታን ደግፈው ቀና አደረጓቸው። አሮጌው ቄስ ሥጋውን አቀበሏቸው፣ ተራው የእኔ ሆነ። እርፈ መስቀሉን ስይዝ ያ የድሮ መንቀጥቀጥ መጣብኝ። አንዲት ጠብታ ብትወድቅስ? የኔታ ዓይናቸውን ገለጡ። መጀመሪያ ያዩት ጥቁር ጥፍሬን ነው፤ ከዚያ ፊቴን። አፋቸውን ከፍተው ጠበቁኝ። የኔታ እኔን ጠበቁኝ። አንዲትም ጠብታ ሳትወድቅ አቀበልኳቸው።

ከቅዳሴ በኋላ ጥቂት ጠበል ጠጥተው ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ አስተኟቸው። ተጠግቼ ተንበረከክሁ።

«የኔታ፣ ዋሽቼ ነበር።»

«መች አመንኩህ» አሉ። ድምፃቸው ከሹክሹክታ አይበልጥም።

«እንዴት?»

«ያፈረሰ ሰው ይደብቃል። አንተ አዋጅ አስነገርክ።»

«ታዲያ ምነው አላስጠሩኝ?»

ከንፈራቸው ዳር ፈገግታ ነገር አየሁ።

«እኔ? መጀመሪያስ የጠራሁህ እኔ ነኝ እንዴ?»

እዚያው አጎንብሼ አለቀስኩ። ጥቂት ቆይተው እጃቸውን እጄ ላይ አኖሩ፣ ጥፍሬን ዳሰሱት።

«ወፍጮው ተነሣ?»

«አልጨረስኩትም የኔታ።»

«ሂድ ጨርስ። ሕዝቡ ጾም ውሎ ምን ይበላል?»

ሄድኩ። ኩሽኔታውን ገጠምኩ። ወፍጮው የተነሣው ጀምበር ሊገባ ሲል ነው፤ ሴቶቹ ተንጋግተው ገቡ። አድማሱ በኋላ እንደነገረኝ የኔታ ድምፁን ሲሰሙ «ተነሣ አይደል?» ብለዋል። የመጨረሻ ቃላቸው እሱ ነው። የሞት ደወል ሲደወል የዱቄት መውረጃው አጠገብ ቆሜ ነበር። ያን ቀን ጾሜን የፈታሁት በኪሴ ባለችው ቆሎ ነው።

ከቀብር በኋላ አምባ ጊዮርጊስ ወጥቼ ኔትወርክ ሳገኝ እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ረቡዕ ዕለት ኮሶ አምባ ቀድሻለሁ።»

«ድቁናህ ፈርሶ?»

«አልፈረሰም። ዋሽቼሽ ነበር።»

እልል ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር። «እሺ» አለችና ዘጋችው። እህቴ እንደነገረችኝ ነጠላዋን አንስታ በዚያው ሰዓት ወጣች፤ ቤተ ክርስቲያኑ ደርሳ በሩን አልፋ ገባች፣ እስኪመሽ አልወጣችም። እኔን ግን ወር ሙሉ አላናገረችኝም። ልክ ነበረች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል። የአድማሱን ቀኖና ጨርሼ፣ በተክሊል ተጋብቼ፣ ቀስሻለሁ። አሁንም መካኒክ ነኝ፤ ቅዳሴ ባለብኝ ቀን ብቻ ብረት አልነካም። ፍርሃቱ ጠፋልህ ወይ ብትሉኝ፣ አልጠፋም። እጄ ዛሬም ይንቀጠቀጣል። ሕዝቡ እርጅና ይመስለዋል።

ከእናንተ መካከል የሚሸሽ ሰው ቢኖር፣ አልመክረውም። እኔንም ቢመክሩኝ አልሰማም ነበር። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ያን ጊዜ ባዶ ሆዴን፣ የተዘጋችውን ሻይ ቤት፣ የፈረሰ እጮኛነቴን ዕድለ ቢስነት ብዬ ነበር የምቆጥራቸው። አሁን ሰው «ነገር ሁሉ ጠመመብኝ» ሲለኝ ቶሎ አላጽናናውም፤ ትንሽ እጠብቃለሁ።

ትናንት የማላውቀው ቁጥር ደወለልኝ። ሰውየው «ወፍጮዬ ቆመብኝ» አለ። ልቤ እንደ ድሮው ደንገጥ አለ። ቦርሳዬን አነሳሁና «ሞተሩ ነው ወይስ ድንጋዩ?» አልኩት። ቦታው የት እንደሆነ የጠየቅሁት መንገድ ከጀመርኩ በኋላ ነው።